ሸፐርዷን ከጎረቤት ወንድ ጋር ላገናኛት ወይስ ይቅር? ቡችሎቹስ የት ይደርሳሉ?

የለገጣፎ ግቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር የሚያስፈልገው ጉዳይ ስላለ ዝርዝሩን ላስቀምጥ። ለገጣፎ ግቢያችን ውስጥ የ14 ወር ጀርመን ሸፐርድ ሴት ውሻ አለች፤ ሰሞኑን ለሁለተኛ ጊዜ ደም ማየት ጀምራለች። አንድ ጎረቤት ወንድ ሸፐርድ ስላለው «ይገናኙና ቡችሎቹን እኩል እንካፈል» ይላል። የወንዱ አባት ከውጭ የመጣ ባለ ወረቀት ነው ይባላል። ዕድሜዋ ለመውለድ ደርሷል? ከመገናኘታቸው በፊት የሚመረመር ነገር አለ? ደላላው ደግሞ ቡችሎቹን ገና በአምስት ሳምንታቸው ልውሰድ ይላል፤ ጉዳት አለው? የጆሮ መቁረጡስ ነገር? በመጨረሻም፣ ግቢው ውስጥ የሦስት ዓመት የሐበሻ ወንድ ውሻ አለ፤ ቡችሎች ከመጡ ቦታ ስለማይበቃ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ታስቧል። ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ እንዴት ነው የሚሰጠው?

የእንስሳት ሐኪም ከሰበታ፦

ሰላም ወንድሜ። ከዘረዘርካቸው ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፦ ያ የሐበሻ ውሻ ተኮላሽቷል? ካልተኮላሸ ከዛሬ ጀምሮ ከሴቷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ልቅ ሆነው ማደር የለባቸውም። ሁለት ወንዶች በተለያየ ቀን ካገኟት ከአንድ እርግዝና የሁለት አባት ቡችሎች ሊወለዱ ይችላሉ። ደም ከታየ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 9 ቀናት ገደማ ወንድ ሲጠጋት ታባርራለች። ከዚያ ደሙ ቀለሙ እየቀለለ ይሄዳል፣ ጭራዋን ወደ ጎን ትመልሳለች፣ ትቆምለታለች። ቀኑ ከውሻ ውሻ ስለሚለያይ ግን ቆጠራ ላይ አትተማመን፤ 21 ቀን ሙሉ በር ባለው ክፍል ወይም በተዘጋ ጓሮ አቆያት። የቆርቆሮ አጥርህ ከሥሩ ክፍተት ካለው ዛሬውኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ድፈነው፤ የሰፈር ወንዶች በአንድ ሌሊት ቆፍረው ይገባሉ።

ዕድሜዋ አልደረሰም። መፀነስ መቻልና ለመውለድ መብሰል የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተው የጀርመን ሸፐርድ ማኅበር ሴቷን ከ20 ወር፣ ወንዱን ከ24 ወር በፊት ለማራባት አይቀበልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በ14 ወር አጥንቷና ጠባይዋ ገና እየተሠራ ነው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄዱት በሽታዎችም በዚህ ዕድሜ አብዛኞቹ አልታዩም። ይህን ዙር ይለፋት።

በሸፐርድ ላይ ዋናው ችግር የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። የጭኑ አጥንት ራስ በሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ አይገጥምም፣ ይላላል፣ ውሎ አድሮ አንጓው ይበላል፣ ውሻው በአምስትና በስድስት ዓመቱ መነሳት ያቅተዋል። በዓይን አይታወቅም። ውሻው ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ ተሰጥቶት በጀርባው ተኝቶ፣ ሁለቱ የኋላ እግሮች እኩል ተዘርግተውና ወደ ውስጥ ዞረው ነው ራጅ የሚነሣው። ሳይረጋጋ በጉልበት ይዘው ያነሱት ፎቶ ጠማማ ስለሚሆን ምንም አይነግርህም። የክርንም ራጅ በዚያው ይነሣ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ከእናንተ ሩቅ ስላልሆነ ስለ ራጁ እዚያ ደውለህ ጠይቅ። ሴቷ ብቻ ሳትሆን ወንዱም ይነሣ። የጎረቤትህ ውሻ ራጅ አይነሣም ከተባለ ንግግሩ እዚያው ያብቃ።

ሁለተኛው፣ ሸፐርድን ከወገቡ በታች ቀስ በቀስ ሽባ የሚያደርግ የአከርካሪ ነርቭ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከስምንት ዓመት ወዲያ ነው፤ ማለትም ውሻው ወልዶ፣ ልጆቹም ወልደው ካበቁ በኋላ። ለዚህ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና የሚሠራ የዘር ምርመራ አለ፤ ናሙናው ውጭ አገር ይላካል። በሽታውን የሚያመጣውን ዘረ መል አንድ ቅጂ ብቻ የያዘ ውሻ፣ ማለትም ተሸካሚ፣ ንጹሕ ከሆነ ጋር ቢገናኝ ሁለት ቅጂ የያዘ ቡችላ አይወለድም፤ አደጋው ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነው።

ሦስተኛው ዝምድና ነው። ከአንድ አካባቢ የተገዙ ሸፐርዶች የአንድ አባት ልጆች መሆናቸው የተለመደ ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ቢዳቀሉ የልጆቻቸው የዝምድና መጠን 12.5 በመቶ ነው፤ ሙሉ ወንድምና እህት ወይም አባትና ልጅ ከሆኑ 25 በመቶ። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል የሚወለዱት ያንሳሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱት ይበዛሉ፣ ተሸፍኖ የቆየ በሽታም ይወጣል። ሴቷን ከማን እንደገዛችኋት ጠይቁና የአባቷን ማንነት እወቁ።

አራተኛው በእኛ አገር የሚዘነጋው ነው። ውሾች ሲገናኙ የሚተላለፍ የብልት እባጭ አለ፤ ቀይ፣ እንደ አበባ ጎመን የተበጣጠሰ፣ ደም የሚያንጠባጥብ። ልቅ ውሻ በበዛበት ሰፈር ሞልቷል። ወንዱ ከግቢ የሚወጣ ከሆነ ብልቱ ከሽፋኑ ተገልጦ እስከ ሥሩ መታየት አለበት፤ እባጩ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን በሳምንት አንድ ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት በደም ሥር ይሰጣል፣ በአብዛኛውም ይድናል፤ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ግን ሥጋውን ስለሚያቃጥል ያልሠለጠነ እጅ አይንካው። ብሩሴላ የሚባለው የውሻ የባክቴሪያ በሽታም ይመርመር፤ በ45 እና በ55 ቀን መካከል ጽንስ ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

ሸፐርድ ብቻ፦

ዶክተር የዘረዘረው ላይ ስለ «ወረቀት» ልጨምር። የአባቱ ወረቀት ለልጁ ወረቀት አይሆንም። ትክክለኛ የዘር መዝገብ የራሱን የውሻውን መለያ ቁጥር ይይዛል። ይህ በቆዳው ሥር ያለ ባለ 15 አሃዝ ማይክሮቺፕ ወይም በጆሮው ላይ የተነቀሰ ቁጥር ነው። ማንበቢያ ያለው ክሊኒክ ወስዳችሁ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ውሻ ነው።

ደግሞም «ከውጭ የመጣ» ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። ለውድድር የሚረባውና ለሥራ የሚረባው ሸፐርድ መንገዳቸው ከተለያየ ቆይቷል። በውድድሩ በኩል ጀርባው ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ፣ የኋላ ቁርጭምጭሚቱ መሬት ሊነካ የደረሰ ውሻ የተሸለመባቸው ዓመታት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ ክራፍትስ በሚባለው የውሻ ውድድር ከዝርያዋ አንደኛ የወጣችው ሸፐርድ አረማመዷ በቴሌቪዥን ሲታይ ትልቅ ቁጣ ተነሥቷል። ከዚያ በፊት በ2009 የዚያው አገር የውሻ ዘር መዝጋቢ ኬኔል ክለብ የአባትና ልጅ፣ የእናትና ልጅ፣ የወንድምና እህት ቡችሎችን አልመዘግብም ብሏል። ዳኛ የሚሸልመውን ነው አርቢ የሚያራባው፤ ስለዚህ ዋንጫ ያገኘ አባት ሲጠራላችሁ አረማመዱን በዓይናችሁ እዩ።

ወንዱን ለጥ ባለ መሬት ላይ ከእናንተ እያራቀ እንዲሄድ አድርጉት። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን ይወዛወዛል? ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እያነሳ እንደ ጥንቸል ይዘላል? ደረጃ ሲወጣ ያመነታል? እነዚህ የዳሌ ምልክቶች ናቸው፤ አለመታየታቸው ግን ራጁን አያስቀርም። ጠባዩንም እዩ። እንግዳ ሲገባ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ ጭራውን ሸጉጦ የሚነክስ ውሻ ፈሪ ነው፤ ፍርሃት በዘር ይተላለፋል፣ ሕፃን የሚነክሰውም እሱ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን «ኃይለኛ» ተብሎ ለማራቢያ በመጀመሪያ የሚመረጠው ይኸው ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝናል።

ቡችላ አሳዳጊ፦

እኔ ከእርግዝናው ወዲህ ያለውን ልያዝ፤ ሰው ዋጋውን ሳያውቅ የሚገባበት ይህ ነውና።

እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው። እስከ አምስተኛው ሳምንት ምግቧ አይጨመርም፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጨመረ ልትወልድ ስትል ከወትሮው በሩብ እስከ ግማሽ ይበልጣል። ስታጠባ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ትበላለች። እርጉዝ ናት ብላችሁ የካልሲየም ክኒን አትስጧት። ሰውነቷ ካልሲየም ከአጥንት ማውጣት ይሰንፍና፣ ስትወልድ ወተቱ በድንገት ሲጠይቃት ደሟ ውስጥ ያለው ይወርዳል። ይህ ብዙ ጊዜ ከወለደች በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ይመጣል፦ ታለከልካለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯ ይደርቃል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ቡችሎቹን ከጡቷ ለይታችሁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

መውለጃዋ 1.20 በ1.20 ሜትር የሆነ ሳጥን ይሁን። በውስጡ ዙሪያውን ከወለሉም ከግድግዳውም 10 ሳንቲሜትር ያህል የራቀ ዘንግ ይመታበት፤ ዘንጉ ከሌለ እናት ስትተኛ ቡችላ ከግድግዳው ጋር ትጨፈልቃለች። ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ የተኛበት ጥግ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት። የለገጣፎን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ የሞቀ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥጉ ላይ አድርጉ፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታም ይኑረው። የቀዘቀዘ ቡችላ ወተት አይፈጭም፤ መጀመሪያ አሙቁት፣ ከዚያ ይጥባ።

ከመውለዷ አንድ ቀን በፊት ሙቀቷ ከ37.2 በታች ይወርዳል፤ በመጨረሻው ሳምንት ጠዋትና ማታ ለኩ። ግማሽ ሰዓት በኃይል አምጣ ቡችላ ካልወጣ፣ በሁለት ቡችሎች መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ወይም የመጀመሪያው ሳይወጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል። ሌሊት ስልኩን የሚያነሳ ሐኪምና የሚወስዳት መኪና አስቀድሞ ያልተነጋገረ ሰው ውሻ ባያስወልድ ይሻላል።

ሸፐርድ በአማካይ እስከ ስምንት ትወልዳለች። እያንዳንዱን በኩሽና ሚዛን በየቀኑ መዝኑ፤ በቀን ከ5 እስከ 10 በመቶ ካልጨመረ አንድ ነገር ጎድሏል። የሆድ ትል መድኃኒት በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት በክብደታቸው ልክ፣ ለእናትየውም አብሮ ይሰጣል። ትሉ ከእናት በማህፀንና በወተት ስለሚያልፍ ንጹሕ ግቢ አያድንም፣ ወደ ልጆቻችሁም ይተላለፋል። ከሉካንዳ ቤት የሚመጣ ጥሬ ሳንባና ጉበት ፈጽሞ አይስጣቸው፤ በሳንባውና በጉበቱ ውስጥ ያለው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፣ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ጉበት ይገባል። ከበዓል እርድ የተረፈውንም ቀቅሉት ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት።

አሁን ስለ አምስተኛው ሳምንት። እምቢ በሉት። ቡችላ አነካከሱን መመጠን የሚማረው ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው፤ ሲያሳምማቸው ይጮኹበታል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ ይማራል። ይህን ያላገኘ ውሻ ሲያድግ እጅ ላይ ይከብዳል። በዚያ ላይ ከእናት ያገኘው መከላከያ እየወረደ፣ ክትባቱ ገና ሳይጀመር በካርቶን መንገድ ዳር ሲውል ፓርቮ የሚባለው ቡችላን በተቅማጥና በትውከት የሚገድል የቫይረስ በሽታ ያገኘዋል። የፓርቮና የዲስተምፐር (ሌላው ገዳይ የቫይረስ በሽታ) ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል፤ አንድ መርፌ አይበቃም። የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ ተሰጥቶ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ፓርቮ የገባበት ግቢ አፈሩ ከዓመት በላይ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሲሚንቶውን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ አርጋችሁ እጠቡት፣ መጀመሪያ ግን እድፉ በሳሙና ይውጣ፤ በእድፍ ላይ በረኪና አይሠራም።

ከስምንት ሳምንት በፊት አይወጡም፣ ለደላላም አይሰጡም። ደላላ የሚገዛው ለማን እንደሚሸጥ ሳያውቅ ነው።

ዘብ ጠባቂ፦

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ ዳር አገር ውሻ ለጌጥ አይደለም። ሌባ አለ፣ ሌሊት ጅብ አለ። ጆሮው ካልተቆረጠና ቀን ቀን በሰንሰለት ካልታሰረ ውሻ አይከፋም፣ ከሰው ጋር ይለማመዳል። አባቶቻችንም ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

የእንስሳት ሐኪም ከሰበታ፦

ወንድሜ፣ የጠባቂ ፍላጎትህ ተገቢ ነው፤ መንገዱ ግን እዚያ አያደርስም። ጆሮ መቁረጥ መስማትን አይጨምርም፣ ንቃትንም አይጨምርም። በምላጭ ያለ ማደንዘዣ ሲቆረጥ የሚቀረው ቁስል፣ ዝንብ የሚያፈላው ትልና ሰው እጁን ወደ ጭንቅላቱ ሲዘረጋ የሚደነግጥ ውሻ ነው። የጀርመን ሸፐርድ ጆሮ እኮ በራሱ ይቆማል፤ ጥርስ በሚቀይርበት ጊዜ ወድቆ ቢታይ እንኳ ትንሽ መታገሥ ነው። ጀርመን ራሷ ጆሮ መቁረጥን እ.ኤ.አ. በ1987 ከልክላለች።

ሰንሰለትም የሚያፈራው የሰንሰለቱን ክብ ብቻ የሚጠብቅ ውሻ ነው። ሌባ ያን ክብ በሁለት ቀን ያውቀዋል። ታስሮ የዋለ ውሻ ከሰንሰለቱ ባመለጠ ቀን የሚነክሰው የሰፈር ልጅ ነው። ጠባቂ የሚሆነው ግቢውን ዞሮ የሚያውቅ፣ ቤተሰቡን ከእንግዳ የሚለይ፣ ሌሊት ልቅ የሆነ ውሻ ነው። ቀን እንግዳ የሚበዛበት ቤት ከሆነ ጥላና ውሃ ያለው፣ ቢያንስ 3 በ4 ሜትር የሆነ በሽቦ የታጠረ ማቆያ ሥሩ። ቤቱን ከቆርቆሮ ብቻ አትሥሩት፤ ቀን ይጋገራል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጣውላ፣ ከመሬት 10 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ በሩ ከነፋስ የዞረ፣ ውሻው ገብቶ ዞሮ የሚተኛበት ያህል ብቻ ይበቃዋል።

ከጥንት መምጣቱን አልክድም፤ ይህን የሚሠራ ሰው ሁሉ ጨካኝ ነው አልልም። የሚያደርሰውን ሕመም ካወቁ በኋላ መቀጠል ግን ጭካኔ ነው።

አዲስ ቤት ፈላጊ፦

የሐበሻውን ውሻ ለሌላ ሰው ስለ መስጠት ማንም አልተናገረምና እኔ ልናገር። ጠያቂያችን፣ ቅር አይበልህና፣ አንድ አዋቂ ውሻ ለማኖር ቦታ የማይበቃ ግቢ ስምንት ቡችላ አይችልም። የሦስት ዓመት ውሻ ግቢውን ያወቀ፣ ከደጋው ብርድ ጋር የተስማማ፣ በሽታ ያለፈ ጠባቂ ነው። ለማይታወቁ ቡችሎች ሲባል እሱን ማስወጣት ልክ አይመስለኝም። ይህን ዙር ካለፋችሁት እሱም የሚወጣበት ምክንያት አይኖርም።

የግድ ከሆነ ግን አሰጣጥ አለው። «በነጻ» ብሎ መለጠፍ ደላላንና የሕንጻ ሥራ ቦታን ነው የሚጠራው። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ሕንጻ ሲሠራ ለዘብ ተብሎ የሚታሰር ውሻ ሥራው ሲያልቅ ማን ይዞት ይሄዳል? ከከተማ አውጥቶ ሱሉልታ መንገድ ላይ ወይም እንጦጦ ጫካ መጣል ደግሞ ለጅብ መስጠት ነው፤ በሕይወት ከተረፈም ወደ ሰፈር ይጠጋል፣ ከእብድ ውሻ ጋር ይነካከሳል።

ከመስጠታችሁ በፊት ይኮላሽ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ይውሰድ፣ ካርዱ ይያዝ። የተቀባዩን ቤት ሄዳችሁ እዩ፤ ስልክ ላይ ሁሉም ደግ ነው። አጥሩ ሙሉ ነው? ከግቢው ጥግ የተመታ ካስማና ሰንሰለት አለ? ከዚህ በፊት የነበረው ውሻ የት ሄደ? ይህን የመጨረሻውን ለቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ለዘበኛውና ለሠራተኛዋም ጠይቁ፤ የሚመግበው ያ ሰው ነውና ውሻውን መፍራት አለመፍራቱንም እዩ። ኮንዶሚኒየም ወይም ኪራይ ቤት ከሆነ አከራዩ መስማማቱን ከራሱ ስሙ።

አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፦ ለሦስተኛ ሰው አይሰጥም፣ አይሸጥም፣ ለማራቢያ አይውልም፣ ካልተመቸ በማንኛውም ጊዜ ወደ እናንተ ይመለሳል። ሁለታችሁም ፈርሙ። ቡችሎችንም በዚሁ ነው የምትሰጡት። ይመለስ የሚለውን ቃል ለመፈረም የማትደፍሩ ከሆነ ማራባቱን ተዉት፤ ስምንት ቡችላ ያስወለደ ሰው ለስምንቱም መመለሻ ቤት እሱ ነው።

ሲሄድ የለመደው ምግብ የአንድ ሳምንት አብሮት ይሂድ፣ አዲሱ በሰባት ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ይቀላቀል። የተኛበት ጨርቅ ሳይታጠብ አብሮት ይሂድ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ገመድ ከግቢ አይውጣ፤ የድሮ ቤቱን ሊፈልግ ሄዶ በመኪና የሚሞተው በእነዚህ ቀናት ነው። ለጥቂት ቀናት ባይበላ ወይም ጥግ ቢይዝ አትደብድቡት፣ አትጫኑት፣ ውሃና ጸጥታ ስጡት። በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ደውላችሁ ጠይቁ።

የለገጣፎ ግቢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህ ዙር ይለፋል፣ የሐበሻውም ውሻ ይቆያል፤ ተስማምተናል። አንድ ጥያቄ ቀረ፦ እስካሁን ተለያይተው ስላልነበሩ ሐበሻው ቀድሞ አግኝቷት ከሆነስ? ማስወረጃ መርፌ አለ ይባላል። ደግሞ ቢጣበቁ ምን ይደረጋል?

የእንስሳት ሐኪም ከሰበታ፦

ውሳኔያችሁ ደስ ይላል። ተጣብቀው ካገኛችኋቸው አትጎትቱ፣ ድንጋይ አታስወርውሩ፣ ውሃ አትድፉ። የወንዱ ብልት ውስጥ ያብጣል፤ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይለቃል። ሲጎተት ሁለቱም ይቀደዳሉ። ልጆቹን አርቁና ጠብቁ።

ለማስወረድ የኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) መርፌ ብሎ የሚመክራችሁ ካለ አትቀበሉ። የአጥንት መቅኔን ሊያደርቅ ይችላል፣ ማህፀኗም መግል የመቋጠሩን ዕድል ይጨምራል። ለዚሁ የተሠራው አግሌፕሪስቶን የሚባል መድኃኒት ከተገኘ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በሐኪም ይሰጣል፤ እርጉዝ ሴት መድኃኒቱን በእጇ እንዳትነካው። ወደፊት ላታራቧት ከወሰናችሁ ግን ንጹሑ መንገድ ማምከን ነው። አሁን ደም እያየች ቀዶ ሕክምናው ስለሚደማ ይቆይ፤ በ28ኛው ቀን ገደማ በአልትራሳውንድ ትታይ፣ አርግዛ ከተገኘች ያኔ ይሠራላት፤ ካላረገዘች ሁለት ሦስት ወር ጠብቁ።

ይህ ዙር ካለፈ በኋላ ሁለት ወር ያህል ዓይናችሁን ከእሷ አታንሱ፦ ውሃ አብዝታ ከጠጣች፣ ምግብ ከተወች፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም ከብልቷ መግል ከወጣ ማህፀኗ መግል ቋጥሯል ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ትምጣ። ወንዱን በዚህ ሳምንት ብታኮላሹትም ወዲያው አትቀላቅሏቸው፤ በቱቦው የቀረው ዘር አራትና አምስት ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል።